በሚበሰብሱ ቁሶችና ውህዶች አጠቃቀም ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከሁሉም በላይ የተለመደው ስህተት «ይበሰብሳል» የተባለ ቁስ የትም ቢወድቅ ይጠፋል ብሎ ማመን ነው። ለኩባያና ለማሸጊያ የሚውለው ፖሊላክቲክ አሲድ የተባለው ፕላስቲክ በፍጥነት የሚፈርሰው ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋና በቂ እርጥበት ባለበት የኢንዱስትሪ ብስባሽ ማምረቻ ውስጥ ነው፤ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶቹን በቅድሚያ የሚበጣጥሳቸው ውሃ ሲሆን፣ ረቂቅ ተሕዋስያን በዋናነት የሚመገቡት ከዚያ በኋላ የሚቀሩትን አጫጭር ቁርጥራጮች ነው። በቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ግን ይኸው ኩባያ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት፣ ይበሰብሳል ተብሎ የተሸጠ ከረጢት 3 ዓመት በአፈርና በባሕር ውሃ ውስጥ ከቆየ በኋላም ሸቀጥ መያዝ ችሎ ተገኝቷል። ስለዚህ የት፣ በምን ሙቀትና በምን ያህል ጊዜ እንደሚበሰብስ ያልገለጸ ምርት ምንም እንዳልገለጸ ሊቆጠር ይገባል።

ከዕፅዋት የተሠራ ሁሉ ይበሰብሳል ማለትም ስህተት ነው። ከሸንኮራ አገዳ የሚመረተው ፖሊኤትሊን የተባለው ፕላስቲክ ከነዳጅ ዘይት ከሚመረተው አይለይም፣ አይበሰብስምም።

በሕክምና ውስጥ ደግሞ ቁሱ ከሰውነት ተሟጦ የሚጠፋበትን ጊዜ ጥንካሬውን ከሚያጣበት ጊዜ ጋር ማምታታት ከባድ ጉዳት ያስከትላል። ከፖሊግላክቲን የተሠራው የሚሟሟ የቀዶ ሕክምና ክር ሙሉ በሙሉ የሚጠፋው ከ56 እስከ 70 ቀናት ባለው ጊዜ ቢሆንም፣ በ3ኛው ሳምንት መጨረሻ የቀረው ጥንካሬ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ክሩ ገና በቦታው እያለ ቁስሉን የመያዝ አቅሙን ያጣል ማለት ነው፤ የሆድ ግድግዳን እንደሚያጠነክረው ሽፋን ቀስ ብሎ ለሚድን ቁስል በዝግታ የሚሟሟው ፖሊዳይኦክሳኖን የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ክሩን የሚያፈርሰው ውሃ በመሆኑ፣ እርጥበት የማያስገባው ማሸጊያ ቀደም ብሎ ከተከፈተ ጥንካሬው ቁስሉን ሳይነካ መቀነስ ሊጀምር ይችላል።

ቁሱ በመጨረሻ ይጠፋል ማለት እስኪጠፋ ድረስ ጉዳት አያደርስም ማለት አይደለም። በሰውነት ውስጥ የሚሟሟ የልብ ደም ሥር ስቴንት (የጠበበ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) በአሜሪካ በ2016 ቢፈቀድም፣ የደም መርጋት ከብረት ስቴንቶች ይልቅ በብዛት ስለታየበት በ2017 ሽያጩ ቆሟል። ወፍራም የፖሊላክቲክ አሲድ የአጥንት ብሎንም ሲፈርስ የሚፈጠረው አሲድ በውስጡ ይታፈንና ከላይ ይልቅ ከመሃል በፍጥነት ይበላል፤ አሲዱ በአንድ ጊዜ ሲወጣ በዙሪያው ያለው ሥጋ ሊቆጣ ይችላል።

በአካባቢ ጥበቃ ረገድ በእኔ እምነት እጅግ ችላ የተባለው ስህተት የመጀመሪያው ውህድ ከናሙና ውስጥ በመጥፋቱ ብቻ መርካት ነው። ዲዲቲ የተባለው ፀረ-ተባይ ሲፈርስ የሚተካው ዲዲኢ የተባለ ውህድ አዳኝ አእዋፍ የዕንቁላላቸው ቅርፊት ሳስቶ እንዲሰበር ምክንያት ሆኗል፤ ለማጽጃነት ይውሉ የነበሩት የኖኒልፌኖል ኢቶክሲሌት ውህዶችም ሲፈርሱ የሚሰጡት ኖኒልፌኖል ከእነርሱ የባሰ መርዛማ ነው። በመሆኑም የመፍረሱ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ከመፍረሱ የሚገኘው ውህድም መለካት አለበት።

ተሕዋስያንን እንዲገድል ብር ወይም አንቲባዮቲክ የተጨመረበት የቁስል መሸፈኛ፣ ከተጣለ በኋላ ሊያበሰብሱት የሚገባቸውንም ተሕዋስያን ሊያዳክም ይችላል። የመበስበስ ፈተናው ባዶውን ፖሊመር (ምርቱ የተሠራበትን ረጅም ሰንሰለት ያለው ቁስ) ሳይሆን ቀለሙንና መድኃኒቱን የያዘውን፣ ለአገልግሎት የተዘጋጀውን ምርት ሊመለከት ይገባል።