ስቴታችሁ ሜዲኬድን ሊቀይር ሲነሳ አስተያየት እንዴት ይሰጣል?

ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ሽፋን) ተቀየረ የሚለው ደብዳቤ ፖስታ ሳጥናችሁ ሲገባ ነገሩ አልቋል። ይህን ያወቅሁት ደጅ ስጠና ከርሜ ነው። የእናቴ ሽፋን ሊቀየር ነው ሲባል ሦስት ሳምንት ሙሉ ኬዝወርከሯን (ፋይሏን የምትከታተለዋን ሠራተኛ) በስልክ ስነዘንዝ ቆየሁ። በመጨረሻ «እኔ እኮ ፋይል ነው የማየው፤ ደንብ አላወጣም» አለችኝ። እውነቷን ነው። በዚያው መሀል አስተያየት መቀበያው ተዘጋ።

መጀመሪያ፣ ለውጡ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔም ዘልዬዋለሁ። የሜዲኬድን ወጪ ፌዴራል መንግሥቱና ስቴቱ ስለሚጋሩት፣ ስቴቱ ሲኤምኤስ የሚባለውን የፌዴራል መሥሪያ ቤት ማስፈቀድ አለበት። መንገዱ ሁለት ነው። ለአዋቂዎች የጥርስ ሕክምና እንደ መጨመር ያለው፣ ሕጉ በሚፈቅደው ውስጥ የሚደረግ ለውጥ፣ «ስቴት ፕላን አሜንድመንት» ይባላል። ሲኤምኤስ በ90 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ ጥያቄ ካነሳ ግን ቆጠራው ይቆማል። እዚህ ላይ ለሕዝቡ የሚከፈተው በር ጠባብ ስለሆነ፣ በጀት ሲወጣ የስቴት ተወካያችሁን ብትይዙ ይሻላል።

ሁለተኛው «1115 ዌቨር» ነው፤ ስቴቱ ከፌዴራል ሕጉ አንዳንድ ግዴታዎች ነፃ አድርጉኝ ብሎ ሲጠይቅ ማለት ነው። (የስልኬ መተርጎሚያ ቃሉን «መተው» ብሎት፣ ስቴቱ ሜዲኬድን ጨርሶ ሊተው ነው ብዬ ቤተሰቡን አስደንግጫለሁ።) እዚህ በሩ ሁለቴ ይከፈታል። ስቴቱ ረቂቁን አውጥቶ ቢያንስ 30 ቀን አስተያየት ይቀበላል፣ ቢያንስ ሁለት ስብሰባም ይጠራል። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ደግሞ ሲኤምኤስ በራሱ ድረ ገጽ ሌላ 30 ቀን ይከፍታል። የመጀመሪያው ሲያመልጠኝ ሁለተኛው መኖሩን የነገረኝ አልነበረም።

ረቂቁን ከስቴቱ የሜዲኬድ ድረ ገጽ ታገኙታላችሁ። ሁሉንም አታንብቡ፤ ማን ብቁ እንደሆነ፣ ምን እንደሚሸፈንና ከኪስ ምን እንደሚከፈል የሚለው ይበቃል።

ከዚያ ጻፉ። «እባካችሁ አትቀንሱብን» ብሎ መለመን ብዙም አይረዳም። የትኛው ነጥብ፣ ማንን፣ እንዴት እንደሚጎዳ ንገሯቸው። አርካንሳስ በፈረንጆቹ 2018 ሜዲኬድ ለማግኘት ሥራ መሥራትን ግዴታ ስታደርግ የሥራ ሰዓቱ መጀመሪያ ላይ የሚመዘገበው በኢንተርኔት ብቻ ነበር፤ ገጹም ማታ ማታ ይዘጋ ነበር። በወራት ውስጥ ከ18,000 በላይ ሰው ሽፋኑን አጣ። ሰው ሽፋን ያጣል ብለው አስቀድመው የጻፉ ነበሩ። በመጋቢት 2019 የፌዴራል ዳኛ ለዚህ የተሰጠውን ፈቃድ የሻሩት፣ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ይህንኑ በቅጡ አልመዘነም ብለው ነው።

በ2025 በወጣው የፌዴራል ሕግ በወር 80 ሰዓት የመሥራት ግዴታ እስከ ጥር 1፣ 2027 ሜዲኬድን ለተጨማሪ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አዋቂዎች ባስፋፉ ስቴቶች ይጀምራል። አስቀሩልን ብሎ ለስቴት መጻፍ ድካም ነው። ሰዓቱ እንዴት እንደሚመዘገብ ግን ስቴቱ ብዙ የሚወስነው አለ፤ ገቢው ከሳምንት ሳምንት የሚለዋወጥ የኡበር ሾፌር ዘመድ ካላችሁ፣ ስለ እሱ ጻፉ።

የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የሕመም ታሪክ አታስገቡ፤ አስተያየቱ ለሕዝብ ሊወጣ ይችላል። መዝጊያው ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ከተባለም የፈረንጁ 5 ነው፤ በእኛ 11።