ቻይና ውስጥ ያለውን «አውሮፓ» ስናይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሃንግዡ ከተማ ዳር ቲያንዱቼንግ የሚባል ሰፈር አለ። መሐሉ ላይ 108 ሜትር የሚረዝም የአይፍል ማማ አምሳያ ቆሟል። ዙሪያው በፓሪስ ዓይነት ፎቆች የተሞላ ነው። ፎቶው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በወጣ ቁጥር የሚሰጠው አስተያየት ያው ነው፤ ብዙው ደግሞ ስህተት ነው።

አንደኛው «ሰው የማይኖርበት ከተማ» የሚለው ነው። በ2007 ሲከፈት እውነትም ጭር ያለ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ሰው ገባበት። ዛሬ ማማው ፊት ለፊት ባሉት በረንዳዎች ላይ እንዲደርቅ የተሰጣ ልብስ ታያላችሁ። ደግሞ ባዶ ቤት ሁሉ ገዢ ያጣ ቤት አይደለም። ሻንጋይ አጠገብ ያለው ቴምስ ታውን ብዙ ቤቶቹ ተሸጠው ነበር፤ ገዢዎቹ ግን ሊኖሩበት ሳይሆን ገንዘባቸውን ሊያስቀምጡበት ነው የገዙት።

«ኮፒ ነው» ብሎ ማለፍም አለ። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ዋናውን ነገር ያስመልጣል። በ2006 የተጠናቀቀውን ቴምስ ታውን የነደፈው አትኪንስ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ብሪስቶል ውስጥ ያለ ቤተ ክርስቲያን አምሳያ ነው። የቀረው ግን ቅይጥ ነው፤ እንግሊዝ በዘመናት ልዩነት የሠራቻቸው የቤት ዓይነቶች እዚህ ጎረቤት ሆነዋል። እንዲህ ያለ መንደር እንግሊዝ ውስጥ የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ደግሞ ሙሽሮች ቬሎ ለብሰው፣ ተራ ጠብቀው ፎቶ ይነሣሉ። ቻይናውያን ለራሳቸው ሕይወት አውለውታል ማለት ነው።

እነዚህን ሰፈሮች ከሻንጋይ ወንዝ ዳር ካሉት አሮጌ አውሮፓዊ ሕንፃዎች ጋር ማምታታትም አይገባም። «ባንድ» በሚባለው በዚያ የወንዝ ዳርቻ ያሉትን ያሠሩት በአብዛኛው የውጭ ባንኮችና ነጋዴዎች ናቸው። ቴምስ ታውንን ቻይናውያን ለቻይናውያን ነው ያሠሩት። ምርጫውም አዲስ አይደለም፤ ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊውን ሠዓሊ ካስቲሊዮኔን አውሮፓዊ ቤተ መንግሥት አስነድፎት ነበር። ቤተ መንግሥቱን በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደሮች ዘረፉት፤ ያቃጠሉት የእንግሊዝ ወታደሮች ናቸው።

መንግሥት ዛሬም ይህን ያበረታታል ማለትም ልክ አይደለም። በ2020 የቤቶች ሚኒስቴር የውጭ ሕንፃ መቅዳትን ከልክሏል።

«ኮፒው ዋናውን ይጎዳል» የሚሉም አሉ። የኦስትሪያዋ ሃልስታት ነዋሪዎች የመንደራቸው አምሳያ በቻይናዋ ጓንግዶንግ ግዛት ውስጥ ሊሠራ መሆኑን በ2011 ሲሰሙ ተቆጥተው ነበር። በ2012 ሲመረቅ ግን ከንቲባቸው ራሳቸው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ቻይናውያን ዋናውን ለማየት ይጎርፉ ጀመር። የሃልስታት ሰዎች ዛሬ የሚያማርሩት በጎብኚ ብዛት ነው።