ሰርቪስ ላይ አልቀመጥ የሚል ልጅ እንዴት ይያዛል?

ደሴ ውስጥ የተማሪ ሰርቪስ ረዳት ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሰኞ ገበያ፣ ፒያሳ፣ ቧንቧ ውሃ እያልን ልጆች እንለቅማለን። እናቶች ሲያስረክቡኝ የሚሉት ነገር አንድ ነው፤ «እህትዓለም፣ ይሄ ልጅ አንድ ቦታ አይረጋም፣ አደራሽን።» አደራውን እቀበላለሁ። ግን «ቁጭ በል! ቁጭ በል!» እያልኩ ስጮህ አልውልም። ልጅ የሚረጋው መኪናው ከመነሳቱ በፊት በምንሠራው ሥራ ነው። ከተነሳ በኋላ ያለው ልመና ነው።

መጀመሪያ ቦታው። ሰርቪሳችን ሚኒባስ ነው። ቁንጥንጥ ልጅ ጋቢና አይገባም። በሩ ጋ አይቀመጥም፣ ታጣፊው ወንበር ላይም አይሆንም። እኔ የማስቀምጠው በግራ በኩል መስኮቱ ጋ ነው። በሩ በቀኝ ስለሆነ ይርቀዋል። የእሱን መስኮት እዘጋለሁ፤ አየር ካስፈለገ የማዶውን እከፍታለሁ። ከጎኑ ረጋ ያለች ትልቅ ልጅ አደርጋለሁ። ሁለት ቁንጥንጥ ጎን ለጎን ካስቀመጣችሁማ ጉዳችሁ ፈላ።

ቀጥሎ ቀበቶው። «መኪናው ቀበቶ የለውም» ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ። የወንበሩን ልብስ ገለጥ አድርጉ። ብዙ ጊዜ ቀበቶው እዚያ ሥር ተቀብሮ ነው የሚገኘው። ልጁን ከመመዝገባችሁ በፊት ራሳችሁ ገብታችሁ እዩ፤ መቆለፊያውንም ጠቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ሹፌሩ ቅር ቢለው ይበለው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤት ቦርሳው ከጀርባው ይወርዳል። ቦርሳ ያዘለ ልጅ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ትንሽ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል። ከዚያ ጃኬቱ ይከፈታል። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ልጁ እንደ ጎመን ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ቀበቶ በወፍራም ጃኬት ላይ ሲታሰር የጠበቀ ይመስላል እንጂ ልል ነው። ጃኬቱን ከፍታችሁ ቀበቶውን ከሥሩ አሳልፉት፣ ከዚያ መልሳችሁ አልብሱት። የወገቡ ቀበቶ የሚያርፈው ሆድ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ጭንና ዳሌ ላይ ነው። ሆድ ላይ ከሆነ በግጭት ጊዜ የሚጎዳው የውስጥ አካሉ ነው። ልጆቹ በቃላቸው ይዘውታል፤ «መቀመጫ ከኋላ፣ ቀበቶ ከታች፣ እጅ ከውስጥ!»

አንድ ቀበቶ ለሁለት ልጅ አይታሰርም፤ እርስ በርሳቸው ይጨፈላለቃሉ። «እኔ አቅፌው እሄዳለሁ» የሚል ዘመድም አለ። ወላሂ ክንድ አይችለውም። መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ ድንገት ከሆነ ነገር ጋር ቢጋጭ፣ ያልታሰረ ልጅ የሚያገኘው ምት ከ6 ሜትር ከፍታ እንደመውደቅ ነው። 40 ደግሞ እኛ ጋ ዝግታ ነው የሚባለው።

የአሜሪካን ቢጫ አውቶብስ በፊልም አይታችሁ «እነሱስ መቼ ያስራሉ?» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ትልልቆቹ አውቶብሶች ብዙዎቹ ቀበቶ የላቸውም። ግን ወንበሩ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነው። መደገፊያው ረጅም ነው፣ ወፍራም ስፖንጅ አለው፣ ወንበሮቹም ተጠጋግተዋል። ልጁ ቢወረወር የፊቱ ወንበር ይቀበለዋል። እሱም የሚሠራው ወደ ፊት ዞሮ ለተቀመጠ ልጅ ነው። የእኛ ሚኒባስ ወንበር ለልጅ ታስቦ አልተሠራም።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከፍ ማድረጊያ ወንበር (ቀበቶው በልኩ እንዲያርፍ ልጁን ከፍ የሚያደርገውን) ልኮላችሁ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የጀርባ መደገፊያ የሌለው፣ መደላድል ብቻ የሆነው ዓይነት በትከሻም በወገብም የሚያልፍ ቀበቶ ይፈልጋል። የወገብ ቀበቶ ብቻ ባለው ወንበር ላይ አትጠቀሙበት።

አሁን ወደ ቁንጥንጡ። ልጅ ዝም ብሎ አይቁነጠነጥም። እግሩ ወለል አይደርስም፣ ሲንጠለጠል ይደክመዋል፣ ከዚያ የፊቱን ወንበር መርገጥ ይጀምራል። ያን ቦርሳ እግሩ ሥር አድርጉለት፣ ይረጋል። አንዳንዱ ሽንቱ መጥቶ ነው። ከቤት ሲወጣ ሽንት ቤት ማስገባት የእናንተ ሥራ ነው፣ እኔ መንገድ ላይ የማቆምበት ቦታ የለኝም። ሌላው የሚያቅለሸልሸው ነው። ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆችን መኪና በደንብ ያማቸዋል። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት። በሐረጎ በኩል ኮምቦልቻ የሚወርዱትማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ነው የሚወርዱት፣ ያውም በጥምዝምዝ። ፊቱ ገርጥቶ ዝም ያለ ልጅ ካያችሁ ፌስታል አዘጋጁና አርቆ ወደ ፊት እንዲያይ አድርጉት። ለዚህ ነው ስልክ እንዳትሰጡት የምለው። አንገቱን ደፍቶ ስክሪን ሲያይ ይብስበታል።

ታዲያ በምን ይያዝ? ሥራ ስጡት። «ፒያሳ ስንደርስ የምትነግረኝ አንተ ነህ» ስለው፣ ዓይኑን ከመስኮቱ አይነቅልም። እንቆቅልሽም አለን። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልሽ!» መልሱ ሲጠፋቸው «አገር ስጡኝ» እላለሁ። ሐይቅን ይሰጡኛል፣ ባቲን ይሰጡኛል፣ ከሚሴን ይሰጡኛል። ደሴን ግን በፍጹም! ደንባችን አንድ ነው፤ የቆመ ልጅ አይመልስም፣ የተቀመጠ ብቻ ነው የሚመልሰው።

በነጠላ ወይም በሻሽ ከወንበሩ ጋር ማሰርን ሲያነሱ ሰምቻለሁ። በጭራሽ። መኪና ቢገለበጥ ወይም እሳት ቢነሳ ማን ይፈታዋል? ቀበቶ በአንድ ጣት ይፈታል፣ ቋጠሮ አይፈታም። ከረሜላ በእንጨት፣ ቆሎ፣ ኦቾሎኒም አታስይዙት። ፍሬን ሲያዝ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። መቆንጠጥና ማስፈራራት ደግሞ ለአንድ መታጠፊያ ይሠራ ይሆናል፣ ለሚቀጥለው ግን አይሠራም።

ከሹፌሩ ጋር መስማማት ግድ ነው። ሁለት ዙር ስላለበት ይቸኩላል፣ አልፈርድበትም። እኔ ግን «ወንድምዓለም፣ ቆይ» ካልኩ አይነሳም። «ተቀምጠዋል» ስል ይነሳል። መሀል መንገድ ላይ አንድ ልጅ ከቆመ ዳር ይዞ ያቆማል፣ ሁላችንም ዝም እንላለን፣ እስኪቀመጥ። ልጆቹ ራሳቸው «ኧረ ተቀመጥ፣ አረፈደብን!» ይሉታል። የእኔን ጩኸት ንቆ የጓደኞቹን ይሰማል። እናንተም ሰርቪስ ስትይዙ ስለ ዋጋው ብቻ አትከራከሩ፤ ረዳት አለ ወይ፣ ስንት ልጅ ይጫናል፣ ትርፍ ይጫናል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሲወርዱ ነው ሌላው ጣጣ። ቤቱን ያየ ልጅ መኪናው ሳይቆም ይነሳል። ቀበቶውን የምፈታው እኔ ነኝ፣ መኪናው ጸጥ ብሎ ከቆመ በኋላ። በሩን ከመክፈቴ በፊት በቀኝ በኩል ባጃጅ ይመጣ እንደሆነ አያለሁ፤ ያቺ ጠባብ ክፍተት ለባጃጅ ሰፊ ናት። ልጁ በመኪናው ፊት ለፊት እንዲሻገር አልለቀውም፣ ሹፌሩ ከአፍንጫው ሥር ያለውን ትንሽ ልጅ አያየውም። እጁን ይዤ ለሚቀበለው ሰው እሰጣለሁ። የሚቀበል ሰው ካልመጣ ልጁ ከነቀበቶው ይቆያል፣ እኔም ስልክ እደውላለሁ።