አይቺ ቫይረስን በልጆች ሰገራ ውስጥ ስትፈልጉ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

አይቺ ቫይረስ መጀመሪያ የተገኘው በ1989 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ፣ አይቺ በተባለው ግዛት ነው። ኦይስተር የተባለውን የባሕር ምግብ በልተው ሆዳቸውን የታመሙ ሰዎች ሰገራ ውስጥ ነበር። በሰገራ ናሙና ብዙም የማይገኝ ቫይረስ ስለሆነ፣ ያገኘው ወጣት ተመራማሪ ሁሉ ይደሰታል። ደስታው ይገባኛል። ችግሩ የሚመጣው ከደስታው በኋላ ነው።

ቫይረሱን ማግኘትና የበሽታው መንስኤ ነው ማለት አንድ አይደሉም። ተቅማጥ ከያዘው ሕፃን ናሙና አይቺ ተገኘ፤ ወዲያው «መንስኤው ታወቀ» ተብሎ ይጻፋል። ስንት ጊዜ አየሁት! ለመሆኑ ያው ናሙና ተቅማጥ በማምጣት ለሚታወቁት ቫይረሶች፣ ለሮታቫይረስ ታይቷል? ለኖሮቫይረስስ? አይቺ ብዙ ጊዜ ከሌላ ተዋህሲ ጋር ተዳብሎ ይገኛል። በተለያዩ አገሮች በተደረጉ የደም ምርመራዎችም አብዛኛው አዋቂ ፀረ እንግዳ አካሉ ተገኝቶበታል። ሰው ሳያውቀው ተይዞ ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ ተቅማጥ የሌለባቸውን እኩያ ልጆች ሳትመረምሩ አትፍረዱ። የአይቺ ዘመድ የሆነውን ኮሳቫይረስን አስታውሱ። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲዘገብ፣ ፓኪስታን ውስጥ ፖሊዮ ሳይሆን በሌላ ምክንያት ድንገተኛ ሽባነት ባጋጠማቸው ልጆች ተገኘ። ጤነኞቹ ሲመረመሩ ግን እነሱም ላይ በተቀራራቢ መጠን ነበር። ጤነኞቹ ባይታዩ ኖሮ ቫይረሱ ያለ ማስረጃ በተከሰሰ ነበር። ይህ ደግሞ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ውጤቱ ሐኪሙ ጋ ይደርሳል፤ ሐኪሙም ሌላ መንስኤ መፈለጉን ይተዋል። የሚጎዳው ልጁ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ብክለት ነው፤ የሌላ ናሙና ወይም የኮንትሮል ዘረመል ወደ ናሙናው መግባቱ። አንዲት ጎበዝ ጀማሪ የቫይረሶቹን ዝምድና የሚያሳይ የዘር ሐረግ ሥዕሏን ይዛ መጣች። ፖዘቲቭ የተባሉት ናሙናዎች በሙሉ ከፖዘቲቭ ኮንትሮሉ (ምርመራው መሥራቱን ለማየት ከሚገባው፣ ቫይረሱ እንዳለበት ከሚታወቀው) ጋር አንድ ቅርንጫፍ ላይ ተደርድረዋል፤ የአንድ የዘረመል ፊደል ልዩነት እንኳ የለም። ያገኘችው የራሷን ኮንትሮል ነበር። በተለይ ኔስትድ ፒሲአር (ዘረመልን በሁለት ዙር የሚያባዛ ምርመራ) ስትሠሩ የመጀመሪያውን ዙር ቱቦ ናሙና በምታዘጋጁበት ክፍል አትክፈቱ። ኮንትሮላችሁ ላይም ሆን ተብሎ የተቀየረ ምልክት ይኑር፤ ያኔ ብክለት ሲመጣ ወዲያው ይለያል።

ሰገራ ውስጥ ፒሲአርን የሚያግዱ ነገሮች አሉ። የውስጥ ኮንትሮል (ፒሲአሩ በዚያው ናሙና ውስጥ መሥራቱን የሚያሳይ የታወቀ ዘረመል) ካልጨመራችሁ ኔጋቲቩን አትመኑት።

ናሙናውን ደጋግማችሁ አታቅልጡ፤ መጀመሪያውኑ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙት።

የተባዛው ዘረመል በሚታይበት ጄል ላይ ባንድ (መስመር) ታየ ማለት አይቺ ነው ማለት አይደለም። ሲኩዌንስ አድርጉት፣ ማለትም የፊደላቱን ቅደም ተከተል አንብቡ፤ በሁለቱም አቅጣጫ።

ጄኖታይፕ (በዘረመል የሚለይ የቫይረሱ ዓይነት) ላይ ደግሞ ችኮላ አለ። ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉት ይታወቃሉ። ከቫይረሱ ዘረመል ሦስት ሲዲ (3CD) ከሚባለው ቦታ የተወሰደ አጭር ቁራጭ ለመነሻ ይጠቅማል። «አዲስ ዓይነት አገኘሁ» ለማለት ግን አይበቃም። አይቺ የሚመደብበት የፒኮርና ቤተሰብ ቫይረሶች ዘረመላቸውን ይቀላቅላሉ፤ አንዱ ቦታ ወደ ኤ፣ ሌላው ወደ ቢ ሊያደላ ይችላል። ቢያንስ ቪፒ1ን፣ የቫይረሱን ሽፋን ፕሮቲን የሚሠራውን ቦታ፣ ጨምሩ። ከተቻለ 8,200 ገደማ ፊደል የሚሆነውን ሙሉ ጂኖም አንብቡ።

ወደ ጂንባንክ (የዘረመል ቅደም ተከተሎች ለሁሉም ክፍት ሆነው የሚቀመጡበት ቋት) ከመላካችሁ በፊት የፕራይመሩን (ፒሲአሩን የሚያስጀምረውን አጭር ቁራጭ) ቅደም ተከተል ከሁለቱም ጫፍ ቁረጡ፤ እሱ እናንተ ያስገባችሁት እንጂ የቫይረሱ አይደለም። ናሙናው የተወሰደበትን ዓመትና አገርም ጻፉ።