ሶሎይስቱ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ይሰማችኋል፦ እንግዳ ስታስተዋውቁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው የኮንሰርት ወቅት ከመድረኩ በር ጀርባ አንዲት ቫዮሊኒስት አጠገብ ቆሜ ነበር። ኦርኬስትራው ተቃኝቶ ጨርሷል። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። እሷ ቫዮሊኗን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ጣቶቿን በትንፋሿ ታሞቃለች። አስተዋዋቂው ማይኩን ይዞ ገና የተማረችበት ትምህርት ቤት ላይ ነው። ከትምህርት ቤቱ ወደ መምህሮቿ ሄደ። ከመምህሮቿ ወደ ሽልማቶቿ። ከዚያ አብራቸው የተጫወተቻቸውን ኦርኬስትራዎች አንድ በአንድ መጥራት ጀመረ። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ወደ እኔ ዞር ብላ «መቼ ነው የምገባው?» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ፍርሃት ነበር። ሙሉ ቀን ስትዘጋጅበት የዋለችው ነገር ከእጇ እየወጣ እንደሆነ ታውቀዋለች።

ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ። እንግዳ ሶሎይስቶችን፣ ማለትም ከኦርኬስትራ ጋር በብቸኝነት የሚጫወቱ ሙዚቀኞችን፣ በመድረክም በጽሑፍም ሳስተዋውቅ ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ በታች ከማነሳቸው ስህተቶች ግማሽ ያህሉን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። ለጀማሪዎች የምጽፈውም ሥራውን ስለምወደው ነው። በደንብ የተሠራ ማስተዋወቅ የአድማጭን ጆሮ ይከፍታል። ይህን በተደጋጋሚ በዓይኔ አይቻለሁ።

ኦርኬስትራው ከተቃኘ በኋላ መናገር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ኦቦ የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ «ላ» የምትባለውን ኖታ ይሰጣል፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ይቃኛል። ይህ የሚደረገው ሙዚቃው ወዲያው እንዲጀመር ነው። አውታር ያላቸውን መሣሪያዎች የመብራቱ ሙቀትና የአዳራሹ እርጥበት ይለውጣቸዋል። የትንፋሽ መሣሪያዎች ደግሞ ሳይነፉ ሲቆዩ ይቀዘቅዙና ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ከተቃኙ በኋላ ረጅም ንግግር ካደረጋችሁ ሙዚቀኞቹ የሠሩትን ሥራ አፈረሳችሁባቸው ማለት ነው።

ሶሎይስቱስ? የቤትሆቨንን የቫዮሊን ኮንሰርቶ፣ ማለትም ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበትን ሥራ፣ አስቡ። ሶሎይስቱ መድረክ ላይ ወጥቶ ከቆመ በኋላ የመጀመሪያ ኖታውን እስኪጫወት ድረስ ኦርኬስትራው ለብቻው ሦስት ደቂቃ ያህል ይጫወታል። ከዚያ በፊት የእናንተ ዘጠኝ ደቂቃ ከተጨመረ ያ ሰው እጁን ካሟሟቀ አሥራ ሁለት ደቂቃ አልፎታል። የሚጠብቀው መግቢያ ደግሞ በኦክታቭ (በአንድ ኖታ ዝቅተኛና ከፍተኛ ድምፅ) እየተሰበረ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ትንሽ ብትዛባ ሁሉም ሰው የሚሰማት መግቢያ ነው። በቀዘቀዘ ጣት!

ስለዚህ ንግግራችሁ ከመቃኘቱ በፊት ይሁን። ከሁለት ደቂቃም አይለፍ። ሁለት ደቂቃ ስል በሰዓት ተለክቶ፣ ጮክ ተብሎ ተነቦ ነው። በዓይን ስታነቡት አንድ ደቂቃ የመሰላችሁ ጽሑፍ መድረክ ላይ እጥፍ ይሆናል። ፒያኖ ወደ መድረኩ መሃል መገፋት ካለበት ያ ጊዜ የእናንተ ነው። ሰዎቹ ፒያኖውን ሲያመቻቹ እናንተ ከፊት ሆናችሁ ተናገሩ። አድማጩም ባዶ መድረክ አያይም፣ ሶሎይስቱም አይጠብቅም። ግን ከመድረክ ሠራተኞቹ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ፒያኖው ቦታውን ሲይዝ የእናንተ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገርም ማለቅ አለበት።

ከሶሎይስቱ ወኪል የመጣውን የሕይወት ታሪክ እንዳለ ማንበብ

ወኪሎች የሚልኩት ጽሑፍ ለዓይን የተጻፈ ነው። ሰው ፕሮግራሙን ይዞ ሲቀመጥ የፈለገውን ያነባል፣ ያልፈለገውን ይዘላል። በጆሮ ግን መዝለል አይቻልም። የአሥራ አምስት ኦርኬስትራዎችና የአሥር የኦርኬስትራ መሪዎች ስም ተደርድሮ ሲነበብለት አድማጩ ሦስተኛው ላይ ልቡ ይሄዳል። አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። ይህ ሰው ዛሬ ማታ ለምን ይህን ሥራ ይጫወታል? ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ነገር ካገኛችሁ ሌላው በፕሮግራሙ ላይ ይቆያል።

ጽሑፉ የዘንድሮ መሆኑንም አረጋግጡ። የሦስት ዓመት አሮጌ ታሪክ ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ ሶሎይስቱ ከለቀቀው ሥራ ጋር።

ሽልማት ላይ ደግሞ ቃላችሁን መዝኑ። «አሸነፈ»፣ «ተሸለመ» እና «ለመጨረሻው ዙር አለፈ» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስታሳስቱ መጀመሪያ የሚያፍረው ሶሎይስቱ ነው። ሽልማት ብቻውን ሁሉን ነገር አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1980 ዋርሶ ላይ በተካሄደው የሾፐን የፒያኖ ውድድር ፒያኒስቱ ኢቮ ፖጎሬሊች ለመጨረሻው ዙር ሳያልፍ ቀረ። ከዳኞቹ አንዷ የነበረችው ፒያኒስት ማርታ አርጌሪች በዚህ ተቃውሞ ከዳኝነት ወጣች። ፖጎሬሊችም ስሙ በዓለም ታወቀ። የዚያ ዓመት አሸናፊ ዳንግ ታይ ሶንም ትልቅ ፒያኒስት ነው። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር በሽልማት ብታስተዋውቋቸው ስለ አጨዋወታቸው ምንም አልነገራችሁንም።

«ማስተዋወቅ የማያስፈልጋት» ማለት

ካላስፈለጋት ስሟን ጠርታችሁ ውረዱ።

ስም

አንድ ጊዜ የአንድ ሴሊስት (የሴሎ ተጫዋች) ስም መድረክ ላይ ተበላሸብኝ። ፕሮግራሙ ላይ በተጻፈው ፊደል ብቻ ተማምኜ ነበር። ወጥቶ እጅ ነሳ፣ ፈገግ አለ፣ ተጫወተ። ከኮንሰርቱ በኋላ ይቅርታ ልጠይቀው ስሄድ እናቱ አጠገቡ ነበሩ። እሱ «ምንም አይደል» አለኝ። እናቱ ግን ዝም አሉ። ያን ዝምታ አልረሳውም። ያ ስም የቤተሰባቸው ስም ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። ልምምድ ላይ ሶሎይስቱን አገኘዋለሁ፣ «ስምህን አንዴ ጥራልኝ» እለዋለሁ፣ በስልኬ እቀዳዋለሁ። ማንም ተቀይሞኝ አያውቅም። ከዚያ እንደሰማሁት በፊደላችን እጽፈዋለሁ። ፊደላችን አናባቢውን አብሮ ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ጥብቀቱንና ላልቶ የሚነበበውን ግን አያሳይም፤ ስለዚህ በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። ዝነኛ ስም ነው ብላችሁም አትዘናጉ። የኦርኬስትራ መሪውን ሊዮናርድ በርንስታይንን «በርንስቲን» የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ እሱ ራሱን የሚጠራው ግን «በርንስታይን» ብሎ ነበር።

የስም ቅደም ተከተልንም ጠይቁ። ሃንጋሪዎች በቋንቋቸው የቤተሰብ ስምን ያስቀድማሉ፤ እኛ ቤላ ባርቶክ የምንለው አገሩ ላይ ባርቶክ ቤላ ነው። ቻይናውያንና ኮሪያውያንም እንዲሁ ያስቀድማሉ፤ አንዳንዱ ሶሎይስት ግን ለውጭ መድረክ ይገለብጠዋል። የትኛውን እንደሚመርጥ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ስለ ሰውየው አውርቶ ስለ ሙዚቃው ዝም ማለት

እዚህ ላይ ነው አስተዋዋቂ በእውነት የሚጠቅመው። ብዙዎች ግን ይዘሉታል። አድማጩ አንድ የሚይዘው ነገር ስጡት። የቤትሆቨን ኮንሰርቶ ሲጀምር ቲምፓኒው (የኦርኬስትራው ትልቅ ከበሮ) ለብቻው አራት ጊዜ ቀስ ብሎ ይመታል። «እነዚያን ምቶች ያዟቸው፤ ኋላ በሌሎች መሣሪያዎች ይመለሳሉ» ብትሉ አዳራሹ ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ቤትሆቨን ለዚህ የቫዮሊን ሥራ ካዴንዛ፣ ማለትም ኦርኬስትራው ዝም ሲል ሶሎይስቱ ለብቻው የሚጫወተውን ክፍል፣ ጽፎ አልተወም። ብዙ ሶሎይስቶች ቫዮሊኒስቶቹ ዮአኪም ወይም ክራይስለር የጻፉትን ይጫወታሉ፤ የራሳቸውን የሚጽፉም አሉ። የትኛውን እንደመረጠ ጠይቃችሁ ብትነግሩን ሶሎይስቱን ከአሥር ሽልማት በላይ አስተዋወቃችሁት።

የሜንደልሶን የቫዮሊን ኮንሰርቶ ክፍሎች ሳይቋረጡ ይያያዛሉ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረው ባሱኑ (ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) የሚይዘው አንድ ረጅም ኖታ ነው። ይህን አስቀድሞ የሰማ አድማጭ ያቺን ኖታ ይጠብቃታል። «በክፍሎች መካከል አታጨብጭቡ» ብሎ መቆጣት አያስፈልግም። አዲስ አድማጭን ገና ሳይጀመር ማሸማቀቅ ደግሞ በጣም ያናድደኛል።

የብራምስ ሁለተኛ የፒያኖ ኮንሰርቶ ሲሆን አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለባችሁ። ሦስተኛውን ክፍል የሚከፍተው ፒያኖው አይደለም፤ ከኦርኬስትራው መሃል የተቀመጠው የሴሎ ቡድን መሪ ነው። ረጅም፣ የሚያምር ዜማ ይጫወታል። የእሱን ስም ሳይጠሩ እንግዳውን ብቻ ማሞገስ ነውር ነው። ዓመቱን ሙሉ ቤቱን የሚያቆሙት እነዚህ ሙዚቀኞች ናቸው።

በሌላ ሰው ጥላ ማስተዋወቅ

ወጣት ሴት ሴሊስት የኤልጋርን ኮንሰርቶ ልትጫወት ስትመጣ አስተዋዋቂው ሳይዘገይ ሴሊስቷን ዣክሊን ዱ ፕሬን ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1965 ከመሪው ባርቢሮሊ ጋር የቀዳችው ቅጂ ድንቅ ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን ያቺ ልጅ ከበሩ ጀርባ ሆና ምን እየሰማች ነው? ከእሷ በፊት ሌላ ሰው እንደነበረ። ስለ ሥራው መናገር ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. በ1919 መጀመሪያ ሲቀርብ በቂ ልምምድ ስላልተሰጠው እንዳልተሳካ ንገሩን። ዛሬ ማታ የሚሰማው ሰው ሥራው ከዚያ ተነስቶ እዚህ መድረሱን ያደንቃል፤ ሴሊስቷም የራሷን ቦታ ይዛ ትወጣለች።

ዕድሜ፣ ልብስ፣ ሕመም፣ ትዳር፦ ሶሎይስቱ ራሱ ካልፈቀደ አትንኩ።

ለተተኪ ይቅርታ መጠየቅ

ይህን ሠርቻለሁ። አንድ ፒያኒስት ታሞ በሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ተተካ። እኔ መድረክ ላይ ወጥቼ «በሚያሳዝን ሁኔታ» ብዬ ጀመርኩ። አዳራሹ አጉረመረመ። ተተኪው ያንን ማጉረምረም ሰምቶ ነው የገባው። በሁለት ቀን ውስጥ ያን ሁሉ ኖታ አዘጋጅቶ የመጣ ሰው ምስጋና ነበር የሚገባው።

እ.ኤ.አ. በ1963 ፒያኒስቱ ግሌን ጉልድ ሲታመም በኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ መድረክ ላይ የተተካው የ16 ዓመቱ አንድሬ ዋትስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ዋትስ ራሱ ሲታመም ከቺካጎ ሲምፎኒ ጋር የ17 ዓመቱ ላንግ ላንግ ገባ። የሁለቱም ስም የወጣው በእነዚያ ምሽቶች ነው። የታመመውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥሩ፣ ጤና ተመኙለት፣ ከዚያ ሙሉ ልባችሁን ለመጣው ስጡ።

ተተኪው ምን እንደሚጫወትም ፕሮግራሙን አይታችሁ ሳይሆን ሰውየውን ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ፒያኒስቷ ማሪያ ዦአው ፒሬሽ አምስተርዳም ላይ ሪካርዶ ሻዪ በሚመራው ኦርኬስትራ ፊት ተቀምጣ ሙዚቃው ሲጀመር የተዘጋጀችበት የሞዛርት ኮንሰርቶ እንዳልሆነ ያወቀችው እዚያው ነው። የጀመረው በሬ ማይነር የተጻፈው ኮንሰርቶ ነበር። ከትዝታዋ አውጥታ ተጫወተችው። ሁሉም ሰው ግን ፒሬሽ አይደለም።

የልምምድ ክርክርን ወደ መድረክ ማውጣት

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1962 በርንስታይን የብራምስን የመጀመሪያ የፒያኖ ኮንሰርቶ ከጉልድ ጋር ከመምራቱ በፊት ወደ አድማጩ ዞሮ በጉልድ አተረጓጎም እንደማይስማማ ተናገረ። እስከ ዛሬ ሰው ይከራከርበታል። እኔ ያንን ንግግር ከሰማሁት ጀምሮ አንድ አቋም አለኝ፦ መሪ ይህን ማድረግ ቢችል እንኳ አስተዋዋቂ በፍጹም አይችልም። «ዛሬ ትንሽ ዘገም ያለ ይሆናል» የምትል አንዲት ቃል አድማጩን ዳኛ ታደርገዋለች።

በወቅቱ መርሐ ግብር ላይ ሁሉንም በአንድ ቅጽል መሸፈን

የወቅቱ መጽሔት ሲወጣ ስምንት ሶሎይስቶች ይኖራሉ፤ ስምንቱም «ዝነኛ»፣ «ድንቅ»፣ «ተወዳጅ» ናቸው። ቀላል ፈተና አለኝ። የአንዱን ስም አንስታችሁ የሌላውን ተኩበት። ዓረፍተ ነገሩ አሁንም ልክ ከሆነ ሰርዙት። የሚጫወተውን ሥራ፣ መሪውንና ቀኑን ከስሙ አጠገብ አድርጉ። አንባቢ ቲኬት የሚገዛው እነዚያን አይቶ ነው።

አወጣጥ

የመጨረሻው ቃላችሁ የሶሎይስቱ ስም ይሁን። ከስሙ በኋላ «እንግዲህ በጭብጨባ ተቀበሉልኝ» አትጨምሩ፤ ጭብጨባው ስሙ ላይ ራሱ ይመጣል። በየትኛው በኩል እንደምትወጡ በልምምድ ላይ ተስማሙ፤ ሶሎይስቱና መሪው በዚያው ጠባብ በር ነው የሚገቡት። እጃችሁን ለሰላምታ አትዘርጉ፤ አንዱ እጁ መሣሪያ ይዟል፣ ሌላው ለሥራ ተዘጋጅቷል። የማይክ መቆሚያውንም ይዛችሁ ውጡ። አንድ ምሽት ተረስቶ ቀርቶ ቫዮሊኒስቷ ቀስቷን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ስትጎትተው አይቻለሁ።