ያለ ጠበቃ ተከራክረው በድብደባ ጥፋተኛ ከተባሉ ይግባኝ የሚሉት እንዴት ነው?

ከሁሉ አስቀድመው ቀኑን ይቁጠሩ። የይግባኝ ጊዜ አጭር ነው፤ የሚቆጠረውም አንዳንድ ቦታ ከጥፋተኝነት ውሳኔው፣ ሌላ ቦታ ከቅጣት ውሳኔው ጀምሮ ስለሆነ፣ ፍርዱ በተነበበ ማግሥት ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ) ዘንድ ቀርበው ያረጋግጡ። ይግባኝ ማለት ብቻውን ቅጣቱን ላያስቆም ስለሚችል፣ እግድ (ቅጣቱ ለጊዜው እንዳይፈጸም የሚሰጥ ትእዛዝ) ወይም ዋስትና ለይተው ይጠይቁ።

ቀጥሎ የፍርዱን ግልባጭና የችሎቱን ሙሉ መዝገብ ያውጡ። ይግባኝ ሰሚው ችሎት አብዛኛውን ጊዜ ምስክር እንደ አዲስ አይሰማም፤ የስር ፍርድ ቤቱን ስህተት የሚፈልገው ከመዝገቡ ነው።

መዝገቡን ሲያነቡ ጠበቃን የሚመለከተው ክፍል ላይ ይቆዩ። «ጠበቃ ቢኖረኝ ነጻ እወጣ ነበር» የሚለው ሐዘን እውነት ሊሆን ቢችልም ለብቻው የይግባኝ ምክንያት አይሆንም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 ፋሬታ በተባለ ተከሳሽ ጉዳይ፣ ራሱን ለመወከል የመረጠ ተከሳሽ በኋላ የገዛ ክርክሩን ድክመት አንስቶ ውጤታማ ጠበቃ አላገኘሁም ሊል እንደማይችል ገልጿል፤ ምርጫው ግን አውቆና ፈቅዶ የተደረገ መሆን እንዳለበት በዚያው ፍርድ አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 14ም ጠበቃ ለሌለው ተከሳሽ መብቱ እንዲነገረው፣ የፍትሕ ጥቅም በሚያስገድድበት ጊዜም አቅም ለሌለው ጠበቃ በነጻ እንዲመደብለት ይደነግጋል። ስለዚህ ዳኛው ይህን ነግረውዎት ነበር? ጠበቃ ጠይቀው ተከልክለዋል? መልሱን ከመዝገቡ ገጽ ቁጥር ጋር ይጻፉ።

ከዚያ ወደ ድብደባው ፍሬ ነገር ይግቡ፦ ራስን የመከላከል ክርክርዎ ተመርምሯል? የሕክምና ማስረጃው ጉዳቱን ያደረሱት እርስዎ መሆንዎን ያሳያል ወይስ ጉዳት መኖሩን ብቻ? ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ እንዳይጠይቁ ተከልክለዋል?

አቤቱታው ላይ «ፍርዱ ፍትሐዊ አይደለም» ብሎ መጻፍ ከንቱ ድካም ነው። ይልቁንስ እንዲህ ይጻፉ፦ «2ኛው የዐቃቤ ሕግ ምስክር በመዝገቡ ገጽ 14 ላይ አስቀድሞ ዱላ ያነሣው የግል ተበዳዩ መሆኑን ሲመሰክር፣ የስር ፍርድ ቤት ይህን ሳይመዝን ራስን የመከላከል ክርክሬን ውድቅ አድርጓል።» በመጨረሻም የሚጠይቁትን ዳኝነት፣ ማለትም በነጻ መሰናበት፣ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ወይም ቅጣቱ እንዲቀነስ፣ ለይተው ያስፍሩ።

ችሎት ላይ ብቻዎን ቢቆሙም ለይግባኙ ጠበቃ ለመጠየቅ አይዘግዩ፤ በአንዳንድ አገር ይግባኝ ቅጣቱን ሊያከብድ ስለሚችል ይህን አብረው ይመዝኑ። አቤቱታውን ሲያስገቡም ቀንና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ሳይቀበሉ ከመስኮቱ አይራቁ።