አባታችሁ በደርግ ዘመን ታስሮ ከነበረ፣ የልጅነታችሁን ታሪክ እንዲህ ሰብስቡት

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ልጆች የነበርን ሰዎች ዛሬ ስልሳን እየተጠጋን ነው። እናቶቻችን ሰማንያን ይዘዋል፣ ብዙዎቹም አልፈዋል። በደብረ ብርሃንም፣ በመንዝም፣ በይፋትም አባቱን አንድ ሌሊት ወስደውበት ያደገ ልጅ ጥቂት አይደለም። አንዱ እኔ ነኝ። ስለ አባቶቻችን ፖለቲካ ብዙ ተጽፏል፤ ደርግን የተዋጋው የኢሕአፓ ፓርቲ ሰው ጽፏል፣ መጀመሪያ ከደርግ ጋር የሠራው የመኢሶን ፓርቲ ሰው ጽፏል፣ የደርግ ባለሥልጣናትም ጽፈዋል። ብዙም ያልተጻፈለት አገልግል ይዞ እስር ቤት በር ላይ የቆመው ልጅ ነው። እሱን ከእኛ ሌላ የሚጽፈው የለም።

መጀመሪያ ማንንም ሳትጠይቁ የራሳችሁን ጻፉ። እናታችሁ ወይም ታላቅ እህታችሁ አንዴ ከነገሩዋችሁ በኋላ የቱ የእናንተ ትዝታ፣ የቱ የእነሱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ደብተር ያዙ። «አባቴ ለምን ታሰረ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ያን ልጅ አያውቀውም። ልጅ የሚያውቀውን ጻፉ። ስንቁን ማን ነበር የሚይዘው? ዘቡ እንጀራውን እንዴት ነበር የሚፈትሸው? ባዶው ሰሃን ሲመለስ ተበልቶ ነበር ወይስ ተርፎ? (ምግብ ከተረፈ የእናት ፊት ይለወጥ ነበር። ታሟል ወይም ተደብድቧል ብላ ታስባለቻ!) የአባታችሁ ልብስ ለእጥበት ሲወጣ ምን ይሸት ነበር? «አባትህ የት ነው?» ሲሏችሁ ምን በል ተብላችሁ ነበር? ቀበሌ ሱቅ ለስኳርና ለሳሙና ስትሰለፉ ማን ፊቱን አዞረባችሁ? ደግሞስ ማን ነው በጓሮ በር አንድ ቁና ገብስ ያቀበላችሁ? ይህን የኋለኛውን አደራ አትዝለሉት። ያን ጊዜ ለታሳሪ ቤተሰብ እህል መስጠት በራስ ላይ መፍረድ ነበር፤ ያደረጉት ሰዎች ስማቸው ይጻፍላቸው።

ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ግራ እጃችሁን አንስታችሁ «አናርኪስት ይውደም!» ያላችሁ ካላችሁ እሱንም ጻፉ (ደርግ ኢሕአፓዎችን «አናርኪስት» ነበር የሚላቸው)። አባታችሁን እየረገማችሁ እንደሆነ አላወቃችሁ ይሆናል። ወይም አውቃችኋል፣ ግን ድምፃችሁን ዝቅ ብታደርጉ መምህሩ እንደሚያይ ገብቷችኋል። ይህ የልጅ ጥፋት አይደለም። ልጅን እንዲህ ያደረገው ሥርዓት ምን ዓይነት እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

ከዚያ ወደ እናት። ፊቷ ላይ ስልክ ደቅኖ «እስቲ ስለ እስሩ ንገሪኝ» ማለት አይሆንም። ዝም ማለትን ሕይወት አድርጋ የኖረች ሴት ናት። በቀይ ሽብር ጊዜ እኮ ልቅሶ እንኳ ተከልክሎ ነበር፤ ሬሳውን ያላገኘች፣ ጥቁር ለብሳ እንዳታለቅስ የተባለች ስንት እናት አለች። ስለዚህ ቡና ስታፈላ ወይም ጥጥ ስትፈትል አጠገቧ ቁጭ በሉና ከስንቅ ጀምሩ። «እማዬ፣ ለአባባ ምን ነበር የምትሠሪለት?» በሏት። ይህን መመለስ አያስፈራትም፣ የእጅ ሥራዋ ነዋ። የጾሙን ሽሮ፣ የፍስኩን ምንቸት፣ በርበሬ የተወደደበትን ጊዜ እያወራች መንገዱ ላይ ትደርሳለች፣ ከመንገዱ በሩ ላይ፣ ከበሩ ዘቡ ላይ፣ ከዚያ እናንተ ጨርሶ ያላወቃችሁትን ነገር ራሷ ታነሳለች። ድምፅ ለመቅዳት አስፈቅዷት። ዓመት ስትሳሳት አታርሟት። «ተዉኝ እስቲ» ካለች ተዉ፤ ሌላ ቀን ትመለሱበታላችሁ። በዚያ ዘመን አብራት ስንቅ ታመላልስ የነበረች ጎረቤት በሕይወት ካለች ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው፣ አንዷ የረሳችውን ሌላዋ ታነሳዋለች።

አባታችሁ ተፈትተው የተመለሱ ከሆነ እሳቸውን ስለ ወፌ ላላ፣ ስለዚያ የግርፋት ስቃይ፣ አትጠይቋቸው። «አጠገብዎ የሚተኛው ማን ነበር?» በሏቸው። ስለ ራሳቸው ስቃይ የማይናገሩ አባቶች አብረዋቸው ስለታሰሩት ሰው ሲጠየቁ ለረጅም ሰዓት ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

አባት ያልተመለሰበት ቤት ግን ሌላ ነው። ስንቅ ይዞ ሄዶ «ከእንግዲህ አታምጡ» የተባለ ሰው ያን ቀን ሙሉ በሙሉ ያስታውሰዋል። ብዙ ጊዜ በሩ ላይ የነበረው ልጅ ነው፣ ለእናቱ የሚነግረውም እሱ ነው። ይህን ስትጽፉ ብቻችሁን አትሁኑ። የምታምኑት ሰው ቤት ውስጥ ይኑር፣ በማግስቱም ሥራ አትያዙ።

አሁን ቀኑን ማስተካከል። አረጋውያንን «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብትሉ ግምት ይሰጧችኋል። ከብር ለውጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በሏቸው፤ ብሩ የተለወጠው በ1969 ጥቅምት ላይ ነው። የሶማሌ ጦርነት ዘመቻ ተጀምሮ ነበር? መሠረተ ትምህርት መጥቶ ነበር? እሱ 1971 ነው። ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው? ወንጌላዊውን የሚያስታውሱ ከሆነ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ዘመነ ማቴዎስ ካሉ 1969 ወይም 1973 ነው፣ ዘመነ ማርቆስ ካሉ 1970 ወይም 1974። «በሕማማት ነው የወሰዱት» ካሉም ጥሩ ነው፤ በ1969 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 2 ስለነበር ሕማማቱ መጋቢት 26 ገባ፣ በ1970 ግን ፋሲካው ሚያዝያ 22 ስለሆነ ሚያዝያ 16 ነው የገባው። በዚህ መንገድ ሳምንቱን ማግኘት ይቻላል።

ወረቀት ካለ ሁሉንም ፎቶ አንሱ። የቀበሌ መታወቂያ፣ የራሽን ካርድ፣ የመፈቻ ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ በስንቅ ዕቃ ተደብቆ የወጣ ብጣሽ ደብዳቤ። ጀርባውንም አንሱ። መዝገብ ስትፈልጉ ልብ በሉ፣ በዚያን ጊዜ የዛሬው ሰሜን ሸዋ ዞን አልነበረም። ሁሉም ሸዋ ክፍለ ሀገር ነበር፣ በሥሩ ተጉለትና ቡልጋ፣ መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ፣ መርሐ ቤቴ፣ ሰላሌ የሚባሉ አውራጃዎች ነበሩ። ደብረ ብርሃንን የምትፈልጉ ተጉለትና ቡልጋ ብላችሁ ጠይቁ። በ1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ባቀረባቸው ክሶች ውስጥ የተገደሉ ሰዎች ስም ተዘርዝሯል፤ በእነ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ላይ ፍርድ የተሰጠው በ1999 ነው። እናታችሁ ወይም አጎታችሁ ያኔ መስክረው እንደሆነ ጠይቁ፤ ለልጆቻቸው ሳይናገሩ የመሰከሩ አሉ። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም ሂዱና እዩ። የዘመኑን አዲስ ዘመን ጋዜጣ የምትፈልጉ ወመዘክር፣ ማለትም አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ግቡ።

በጣም የምጨነቅበት ግን ይሄ ነው። አባታችሁን ጠቁሞ ያሳሰረው ሰው ስም ይወጣል። ሁሌም ይወጣል። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ያ ሰው ወይም ልጆቹ አንድ ዕድር ውስጥ አብረዋችሁ አሉ፣ ምናልባት እናታችሁ ስታርፍ ድንኳን የተከሉት እነሱ ናቸው። በደብተራችሁ ጻፉት፣ አጠገቡም ማን እንደነገራችሁና እሱ በዓይኑ አይቶ እንደሆነ ወይም ሰምቶ እንደሆነ አስቀምጡ። ፌስቡክ ላይ አታውጡት። ከአንድ ሰው አፍ የመጣ ስም ማስረጃ አይሆንም፣ የጠቋሚ ልጅም ልጅ ነው።

ሌላም ነገር ሊመጣ ይችላል። በ1969 ነሐሴ መኢሶን ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ሲገባ፣ እስከዚያች ቀን ሌላውን ሲያሳስሩ የነበሩ ሰዎች ራሳቸው ታሰሩ። አባታችሁ ከነዚህ አንዱ ከሆኑ ሁለቱንም ጻፉ። ስንቅ ያመላለሳችሁት ለእሳቸው ነው፣ ፍቅራችሁ እውነት ነው፣ በእሳቸው ምክንያት ስንቅ ያመላለሰ ሌላ ልጅ መኖሩም እውነት ነው። አንዱን ለማዳን ሌላውን አትፋቁ።

ሲያልቅ ቅጂውን ከአንድ ቤት በላይ አስቀምጡ። አንዱን ደብረ ብርሃን፣ አንዱን አዲስ አበባ ያለ እህት ወይም ወንድም ጋ፣ አንዱን ኢሜይላችሁ ውስጥ። በእያንዳንዱ የተቀዳ ድምፅ መጀመሪያ ላይ ማን እየተናገረ እንደሆነ፣ የት፣ መቼ፣ ማን እንደጠየቀ በድምፅ ተናገሩ፣ ለሌላ ሰው እንዲሰማ ፈቅደው እንደሆነም ጨምሩ። የእናታችሁን ሙሉ ስም ከነአያቷ ጥሩ።